ከአንድ ዓይነት እንቁላል አውራም ሠራተኛም

አባቴ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ዕድሜውን ሁሉ ንብ ሲያነብ ነው የኖረው። እንቁላል የምትጥለዋን የንብ እናት «አውራ» እንላታለን፤ እሱም «አውራ ከአውራ ዘር ነው የምትወጣ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሠራተኛ ሊሆኑ ከነበሩ እጮች አውራ ላሳድግ ተነሳሁ።

ጥቅምት ላይ መቹ አብቦ ነበር። ከብርቱው ቀፎ አውራዋን አነሳሁ። የእንጨት ጫፍ አድቦልቡዬ የቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከርኩ ትንንሽ ጽዋዎች ሠራሁ። እጮቹን ከዶሮ ላባ አገዳ በቀረጽኩት ማንኪያ አንድ በአንድ አዛወርኳቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በቀላሉ የሚታዩኝን፣ ወፈር ያሉትን ነበር የመረጥኩት። ንቦቹ አብዛኞቹን ጣሏቸው። የወጡት ሁለቱም ከሠራተኛ ብዙ አይለዩም።

ችግሩ ዕድሜ ነው። ሞግዚት ንቦች ከእጢያቸው የሚያመነጩትን ወተት መሰል ምግብ መጀመሪያ ላይ እጭ ሁሉ ይበላዋል። ከ3 ቀን ገደማ በኋላ የሠራተኛዋ ቀለብ ከማርና ከጽጌ ብናኝ ጋር ይደባለቃል። ለአውራዋ ግን ወተቱ እስከ መጨረሻው ይፈስላታል። ያ ጊዜ ካለፈ የተሟላ አውራ አትገኝም።

በሁለተኛው ዙር ከተፈለፈሉ 1 ቀን ያልሞላቸውን ፈለግኩ። ቅንጣቢ ነጭ ክር ነው የሚመስሉት። ፀሐይ በትከሻዬ በኩል ገብታ የሰም እንጀራውን ዓይን እስከ ታች ካላበራችው አይታዩም። ትንፋሼን ውጬ አነሳኋቸው። ከ20 ጽዋ 11ዱን ተቀበሉልኝ።

ሠራተኛ ከእንቁላል እስክትወጣ 3 ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ አውራ በ16 ቀን ገደማ ትወጣለች። ሠራተኛዋ እግሯ ላይ የጽጌ ቅርጫት አላት፣ አውራዋ የላትም። ዘራቸው ግን ያው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ ላይ ኬሚካላዊ ምልክት የሚለጥፈውን አንድ ኢንዛይም በእጮች ውስጥ ሲያዳክሙት፣ አብዛኞቹ አውራ ሆነው አደጉ። ምግቡ ዘሩን አይለውጠውም፤ የትኛው ክፍሉ እንደሚሠራ ነው የሚወስነው።

የዝግመተ ለውጥ ሊቁን ዳርዊንንም በ1859 እ.ኤ.አ. ያስጨነቀው ይኸው ነበር፦ ሠራተኛዋ ካልወለደች የተለየው አካሏ እንዴት ተሻሻለ? ዘሩን የምታስተላልፈው እናቷ ናት። ጎበዝ ቀሳሚ ያሉት መንጋ ይበረታል፣ ይከፈላል፣ ዘሩም ይበዛል። ስለዚህ ተፈጥሮ የምትመርጠው አካሉን ብቻ አይደለም፤ እንደ ቀለቡ የመቀየር ችሎታውንም ነው።

አሁን ቀፎ ሳልከፍል በፊት አውራ በማታገኘው ወገን እንቁላልና ለጋ እጭ መኖሩን አያለሁ። አባቴም ፍሬሙን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ «እነሆ፣ አለች» ይለኛል።