ኬላውን ያከራየ ሡልጣን

ለጅማ ሰው የኬላን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በአገሩ በር ላይ የንጉሡን ኬላ ጠባቂ ሳያገኝ አያልፍም ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን ባሕር ዳር ይገዙ የነበሩት የዛንዚባር ሡልጣኖች ግን ኬላቸውን ለነጋዴ አከራይተዋል። ስለ ውድቀታቸው ሲወራ ሁሉም ከጦር መርከቡ ይጀምራል፤ እኔ ከኪራዩ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የሕንድ ነጋዴ ቤት፣ ለረጅም ጊዜ የጃይራም ሺቭጂ ቤት፣ ለሡልጣኑ በዓመት ቁርጥ ገንዘብ ይከፍላል። ቀረጡን በራሱ ጸሐፊዎች ይሰበስባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ሡልጣኑ ሲቸግረው ከዚያው ቤት ይበደርና ዕዳው ከመጪው ኪራይ ይቀነሳል። ቀረጥ እንዳይጨምር ደግሞ ከአሜሪካ በ1833፣ ከእንግሊዝ በ1839 የፈረማቸው ውሎች የገቢ ዕቃውን በ5 በመቶ ቸንክረውታል። ከ1861 ወዲህ በየዓመቱ 40 ሺህ ማርትሬዛ ብር ለሙስካት (ለኦማን) ሡልጣን የመክፈል ግዴታ ተጨመረበት። በ1872 አውሎ ነፋስ መርከቦቹንና አብዛኛውን የደሴቲቱን ቅርንፉድ ጠራረገው።

የአውሮፓ ኩባንያዎች የመጡት እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ካርል ፒተርስ ለኩባንያው በ1884 መጨረሻ ከመሐል አገር ባላባቶች ውል ሰበሰበ፤ በማግስቱ ዓመት የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ መንግሥት እንደሚጠብቀው የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሰጠው። ሡልጣን ባርጋሽ ሲቃወም የጀርመን የጦር መርከቦች ደጁ ቆሙ። በ1886 እንግሊዝና ጀርመን 10 ማይል ስፋት ያለው የባሕር ዳር መሬት ተዉለት። እሱንም ቢሆን ሡልጣኖቹ ሰሜኑን በ1887 ለእንግሊዙ ነጋዴ ለማኪነን ቡድን፣ ደቡቡን በ1888 ለጀርመኑ ኩባንያ ለ50 ዓመት በውል አስረከቡ። ቀረጡን፣ ሹመቱንና ዳኝነቱን ኩባንያው ይይዛል፤ ስሙና ባንዲራው ብቻ የሡልጣኑ ይሆናል።

ጀርመኖቹ ይህችኑ አላከበሩም። ነሐሴ 1888 ፓንጋኒ ላይ የኩባንያውን ባንዲራ ቢሰቅሉ ሕዝቡ በአቡሺሪ መሪነት ተነሣ፤ ከባጋሞዮና ከዳሬሰላም በቀር ያልለቀቁት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። አመፁን ያፈነው በርሊን የላከው ጦር ነው። በ1890 ደቡቡ ለጀርመን በ4 ሚሊዮን ማርክ፣ ማለትም ወደ 200 ሺህ ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

በሰሜን ያለው የማኪነን የእንግሊዝ ኩባንያም ከሰረ። በ1895 ሲፈርስ 250 ሺህ ፓውንድ ካሣ ተቆረጠለት፤ 200 ሺሁ የወጣው ከዚያው ከሡልጣኑ የሽያጭ ገንዘብ ነው። መሬቱን ግን የተረከበው የእንግሊዝ መንግሥት ሲሆን፣ ለሡልጣኑ በዓመት 17 ሺህ ፓውንድ ተመደበለት፤ 11 ሺሁ ኪራይ፣ 6 ሺሁ የራሱ 200 ሺህ ወለድ።