የተላጠው የእንፋሎት ቧንቧ

በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሥራ ስጀምር፣ የሠራተኛ ደኅንነትና የኃይል ቁጠባ የሁለት የተለያዩ ክፍሎች ጉዳይ ይመስሉኝ ነበር። ይህን ሐሳቤን ያስለወጠኝ እንፋሎት ከሚያመነጨው ቦይለር እስከ ማቅለሚያ ክፍሉ የተዘረጋው፣ መሸፈኛው የተላጠ የእንፋሎት ቧንቧ ነው። የግፊት መለኪያው 6 ባር ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት ከ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ ስለዚህ ያ ራቁቱን የቀረ ብረት ነዳጃችንን ቀን ከሌት ወደ አየር ከመበተኑም በላይ፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሠራተኛ ክንድ በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ ያስሸፈንነው ሰው የሚመላለስበትን ክፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንጋፋው የቦይለር ኦፕሬተር ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል፤ እስቲ አድምጠው» አሉኝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። (ከፍ ብላ በምትገኘው ደሴ ደግሞ የመፍያው ሙቀት ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ባቄላ ቀቅለው የሚያውቁ እናቶች ቀመሩን ሳያዩ ይረዱታል።) ከማሽኖቹ የሚመለሰው ትኩስ ውሃ ለመፍላት ጥቂት ሲቀረው ወደ ፓምፑ ይገባና በመሳቢያው በኩል አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ሲፈነዳም ብረቱን ይበላዋል። ውሃውን ማቀዝቀዝ ቀላሉ መፍትሔ ነበር፤ ነገር ግን የተከፈለበትን ሙቀት መድፋት ስለሆነ አልተቀበልሁትም። በጀቱ ቢዘገይም ትኩሱ ውሃ የሚጠራቀምበትን ታንከር ከፓምፑ በላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ የውሃው ክብደት በመሳቢያው ላይ ያለውን ግፊት ስለጨመረ አረፋው ቀረ፤ ድምፁም ጠፋ።