የዲኤክስ7 የድምፅ መውጫ፦ የሚነካውና የማይነካው

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ዲኤክስ7፣ ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጨረሻ የደረሰበትን የኤፍኤም ሲንተሲስ (የአንዱን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ በሌላ ሞገድ እየለወጡ ድምፅ የመፍጠር) ዘዴ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ በየባንዱ መድረክ ላይ ያስቀመጠ ኪቦርድ ነው። 61 ቁልፎች፣ በአንድ ጊዜ የሚሰሙ 16 ድምፆች፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሳይን ሞገድ የሚያመነጩ 6 ኦፕሬተሮችና፣ እነርሱ የሚያያዙባቸው 32 አልጎሪዝሞች አሉት። ዛሬ ይህን ኪቦርድ የያዘ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ለማሻሻል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመውጫው የሚመጣው ድምፅ እንዲጠራለት። መሻቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ኪቦርድ ድምፅ ውስጥ ከሚሰማው እንከን ከፊሉን ዕድሜ ያመጣው ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ መሐንዲሶቹ አስበውበት የተዉት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ካውያ ማሞቅ ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል፤ አንዳንዴም ጤነኛ ቦርድ ያበላሻል።

መውጫው የሚጀምረው ዲጂታሉ ሥራ ካበቃበት ቦታ ነው። ኦፒኤስ የሚባለው ትልቁ የያማሃ ቺፕ የስድስቱን ኦፕሬተሮች ስሌት ከጨረሰ በኋላ፣ ውጤቱን በሰከንድ 49 ሺሕ ጊዜ ያህል ወደ ዲጂታል-አናሎግ መለወጫው ይልካል። መለወጫው 12 ቢት ብቻ ነው። ያማሃ ይህን ጥበት ያካካሰው ከመለወጫው ቀጥሎ በሬዚስተሮችና በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች የተሠራ የመጠን መቀነሻ በማስገባት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ቁጥሩ በመለወጫው ሙሉ ስፋት ላይ እንዳለ ይቆይና፣ ቮልቴጁ ከወጣ በኋላ በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ዝቅተኛው ድምፅ በሁለትና በሦስት ቢት ተሰባብሮ ከመቅረት ይድናል። የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ኖይዙ ባለበት የማይቆም መሆኑ ነው፤ ኖታው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ፣ ዝቅ ሲል አብሮ ዝቅ ይላል። የደወል ድምፅ ያለውን ፓች (የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) መትቶ እስኪጠፋ ድረስ በጆሮ ማዳመጫ የተከታተለ ሰው፣ በጭራው ላይ አሸዋ በወንፊት ሲነፋ የሚመስል ሻካራነት ይሰማዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኪቦርዱ ከፋብሪካ የወጣው እንዲሁ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ናሙናውን፣ ማለትም መለወጫው በየጊዜው የሚያወጣውን ቮልቴጅ፣ ይዞ የሚያቆይ ካፓሲተርና ማብሪያ፣ ከዚያ የላይኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚቆርጥ ፊልተር፣ ከዚያ የቮልዩም ተንሸራታች፣ በመጨረሻም አንድ ባለ ሩብ ኢንች ሞኖ ጃክና የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ይመጣሉ። በእነዚህ መካከል ያሉት ኦፕአምፖች (ሲግናል የሚያጎሉ ትንንሽ ቺፖች) በዘመኑ ደረጃ ተራ የሚባሉ ናቸው፤ ለውጥ የሚያምረው ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈውም እነርሱ ላይ ነው። «አሮጌውን ኦፕአምፕ ነቅለህ ኦፒኤ2134 ወይም ኤንኢ5532 ብትተካ መጋረጃ የተገፈፈ ያህል ይጠራል» የሚለው ምክር ከአንዱ ቴክኒሻን ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ምክሩን በቁጥር መመዘን ይቻላል። የ4558 ዓይነት አሮጌ ኦፕአምፕ ኖይዝ በአንድ ስኩዌር ሩት ኸርዝ 10 ናኖቮልት አካባቢ ነው። እስከ 20 ኪሎኸርዝ ያለው ሲደመር 1.4 ማይክሮቮልት ይሆናል። ከ1 ቮልት ሲግናል ጋር ሲነጻጸር ይህ ከ115 ዴሲቤል በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰርኪዩቱ ኖይዙን 10 እጥፍ ቢያጎላው እንኳ 97 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የ12 ቢት መለወጫ የራሱ ኖይዝ ግን ከሙሉ ሲግናል 74 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚያንሰው። እንግዲህ ኦፕአምፑ የሚጨምረው ኖይዝ መለወጫው ራሱ ከሚያመጣው ሥር ተቀብሮ የሚቀር ነው። የፍጥነቱም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ 20 ኪሎኸርዝ የሆነ የ1 ቮልት ፒክ ሳይን በማይክሮሰከንድ ከ0.13 ቮልት ያነሰ ፍጥነት ይበቃዋል፣ አሮጌው ኦፕአምፕ ደግሞ ከ1 ቮልት በላይ ይሰጣል። ከፊልተሩ በኋላ ያሉትን ኦፕአምፖች ቀይሮ ልዩነት ሰማሁ የሚል ሰው፣ እኔ እንደማስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰማው አብሮ የቀየራቸውን ካፓሲተሮች ነው።

ናሙና በሚያዝበት ቦታ ላይ ያለው ኦፕአምፕ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኤንኢ5532 ጥሩ ስም ያለው ቺፕ ቢሆንም፣ መግቢያው 200 ናኖአምፔር ያህል ከረንት አለው። የሚይዘው ካፓሲተር 1 ናኖፋራድ ነው ብንል፣ ይህ ከረንት በአንድ የናሙና ጊዜ ማለትም በ20 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ቮልቴጁን 4 ሚሊቮልት ያንሸራትተዋል። የቲኤል072 ዓይነቱ የጄፌት መግቢያ ያለው ቺፕ ከረንቱ በፒኮአምፔር የሚቆጠር ስለሆነ መንሸራተቱ ከቁጥር አይገባም። በዝርዝር ወረቀቱ «የተሻለ» የሚባለው ቺፕ ቦታውን ካላገኘ ከቀድሞው የባሰ ነው የሚሆነው። የግድ መቀየር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው መጀመሪያ ሶኬት እንዲበይድ ነው፤ የቦርዱ የመዳብ መስመር ከአርባ ዓመት በኋላ ደጋግሞ መንቀልና መበየድን አይችልም።

ዕድሜ ያመጣው ጉዳት ያለው በኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹ፣ በኃይል ክፍሉና በመውጫ ጃኩ ላይ ነው። ብዙ ሰው የደረቀ ካፓሲተር ቤዙን ይበላል ብሎ ያምናል። 10 ማይክሮፋራድ የሆነ ማገናኛ ካፓሲተር 10 ኪሎኦም ላይ ሲሠራ መቁረጥ የሚጀምረው ከ1.6 ኸርዝ በታች ነው፤ ደርቆ ወደ 1 ማይክሮፋራድ ቢወርድ እንኳ ወሰኑ 16 ኸርዝ ሲሆን፣ የኪቦርዱ ዝቅተኛ ቁልፍ ትራንስፖዝ ካልተደረገ 65 ኸርዝ ገደማ ነው። ስለዚህ ቤዙ በቀላሉ አይጠፋም። የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ካፓሲተሩ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይለውጥ ከረንት) ማሳለፍ ይጀምርና ተንሸራታቹን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ይንኮሻኮሻል። ባለቤቱ ተንሸራታቹ ቆሽሿል ብሎ ማጽጃ ይነፋበታል፣ ለሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ቴስተሩን በሚሊቮልት ዲሲ ላይ አድርጎ በተንሸራታቹ ሁለት ጫፎች መካከል መለካት ነገሩን ወዲያው ይለየዋል። ምንም ሳይመታ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት እንኳ ከታየ፣ መለወጥ ያለበት ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ነው።

ሃም (ከመብራት ኃይል የሚመጣ ዝቅተኛ ጉምጉምታ) የሚያሰማ ኪቦርድ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው የኃይል ክፍሉን ነው። አናሎጉ ክፍል የሚሠራው በፕላስና በማይነስ 15 ቮልት ሲሆን፣ ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ሲደክሙ በዲሲው ላይ የ100 ኸርዝ ሞገድ፣ ሞገድን በስክሪን በሚያሳየው መለኪያ በኦሲሎስኮፕ፣ በግልጽ ይታያል። እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዲኤክስ7 የ120 ቮልት ነው፣ ከጃፓን የመጣው ደግሞ የ100 ቮልት። በእኛ 220 ቮልት ላይ በመቀነሻ ትራንስፎርመር የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ርካሹ መቀነሻ ከኪቦርዱ ጎን ሲቀመጥ የሚረጨው መግነጢሳዊ መስክ ራሱ ሃም ያስገባል። መቀነሻውን አንድ ሜትር ከአናሎግ ቦርዱ አርቆ መሞከር ምንም አያስወጣም፤ ከማንኛውም ብየዳ በፊት መሞከር ያለበትም ይህ ነው።

በእኔ አስተያየት ለዚህ ኪቦርድ የሚገባው እውነተኛ ማሻሻያ ባላንስድ መውጫ፣ ማለትም ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚልክ መውጫ፣ መጨመር ነው። የመጀመሪያው ጃክ አንባላንስድ በመሆኑ፣ ኪቦርዱና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ኃይል ሲወስዱ በግራውንድ በኩል የሚዞረው ከረንት በቀጥታ ከሲግናሉ ጋር ይደመራል። መፍትሔው ከቮልዩም ተንሸራታቹ ቀጥሎ ካለው ኦፕአምፕ ሲግናሉን ወስዶ ለዲአርቪ134 ዓይነት የመስመር ነጂ ቺፕ መስጠትና፣ ከኋላው ፓነል ላይ በተበሳ አዲስ ቀዳዳ ባለ ሦስት ፒን ኤክስኤልአር ማውጣት ነው። ቺፑ የሚወስደው 5 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ የኪቦርዱ 15 ቮልት ይችለዋል። በእግሮቹ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች በአጭር ሽቦ መበየድ አለባቸው፤ ካልሆነ ቺፑ በራሱ ሞገድ እያመነጨ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሲግናሉን 6 ዴሲቤል እንደሚያሳድገው ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ማወቅ አለበት። ግራውንዱ ከአናሎግ ቦርዱ አንድ ነጥብ ብቻ ይወሰዳል፣ የኤክስኤልአሩ 1ኛ ፒን ደግሞ በቀጥታ ከብረት ቻሲሱ ጋር ይያያዛል። ቺፕ የማይፈልግ ሰው 10 ኪሎኦም ለ10 ኪሎኦም የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር ቢጠቀም ከዚህም የተሻለ የግራውንድ መለያየት ያገኛል፤ ጥሩ ትራንስፎርመር ግን ዋጋው ውድ ነው። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ጃክ እንዳለ ይቀራል፣ ከተበሳው ቀዳዳ በቀር ፋብሪካው የሠራውን የሚሽር አንድም ነገር የለም።

የፊልተር ማለፊያ የሚባለው ማሻሻያ ላይ ግን ብዙም ልቤ አይሄድም። ፊልተሩን ዘልሎ ሲግናሉን ከናሙና መያዣው የሚያወጣ ማብሪያ መግጠም ቀላል ነው፤ ድምፁም መጀመሪያ ሲሰማ ብሩህ ይመስላል። ችግሩ 15 ኪሎኸርዝ የሆነ የድምፁ ክፍል 34 ኪሎኸርዝ ላይ መንታ ይዞ መውጣቱ ነው። መንታውን ጆሮ ባይሰማውም፣ ቀጥሎ ያለው ማጉያ ፍጹም ስላልሆነ ሁለቱን አቀላቅሎ በሚሰማ ቦታ ላይ ከሙዚቃው ጋር የማይስማማ ቃና ይፈጥራል። ያማሃ ራሱ በ1987 በዲኤክስ7 ሁለት ላይ ባለ 16 ቢት መለወጫ ሲያስገባ ፊልተሩን አልጣለም። ንጹሕ የኤፍኤም ድምፅ የሚፈልግ ሰው እርሱን ቢገዛ፣ በመጀመሪያው ላይ ከሚያወጣው ድካም ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን የሚወድዱት ደግሞ በዚያው በሻካራ ጭራው ነው።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት 32ቱ ፓቾች በሚዲ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ አለባቸው፤ ፋይሉ 4,104 ባይት ብቻ ነው። ማስታወሻውን የሚጠብቀው ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚገኝ፣ ቦርዱን ብረት ላይ ማሳረፍ ብቻ ፓቾቹን ሊያጠፋ ይችላል። ሥራው ካለቀ በኋላ የምፈትነው በ«ቮይስ ኢኒት» ነው፤ ይህ ትእዛዝ አንዱን ኦፕሬተር ብቻ አስቀርቶ ንጹሕ ሳይን ስለሚሰጥ፣ መንቀጥቀጥም ሆነ መቆረጥ ካለ በኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዱ ጫፍ ላይ ይታያል። ከዚያ ቮልዩሙ ሙሉ እንደሆነ ቁልፉ ይለቀቅና፣ ቀሪው ኖይዝ በአሮጌው ጃክና በአዲሱ ኤክስኤልአር በየተራ ተለክቶ ከሥራው በፊት ከተጻፈው ቁጥር ጎን ይጻፋል።