ዘውድ ያለው ቁልፍ

ቁልፉን ያገኘሁት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ አሮጌ ብረታ ብረት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። የልብስ ቁልፍ ማለቴ ነው። «አቦ፣ አንድ ቁልፍ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ለኮቴ አልኩት። የፖሊስ ዕቃ እንደምሰበስብ ካወቀ ዋጋውን ይሰቅለዋላ!

ቤት ስደርስ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግኩት። በሎሚና በአመድ መፈተግ ድሮ ቀረ። አምና እናቴ አንድ የቀበቶ ዘለበቴን «ቆሽሾ አይቼው» ብላ ስትፈትገው፣ ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ግማሹ ጠፋ። ምን ይባላል፣ እናት ናት።

ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ዘውድ ብቅ አለ። ዘውድ ካለ ከ1967 በፊት ነው፤ ንጉሡ ሲወርዱ ዘውዱም አብሮ ወረደ። ግን የጦር ሠራዊት ይሁን የፖሊስ በምን ልወቅ? ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ጋ ይዤው ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም በማዕረጋቸው ነው የሚጠራቸው። ኮንስታብልና ኢንስፔክተር የለመዱ ልጆች ወታደር የነበሩ ይመስላቸዋል። ያኔ እኮ ፖሊስም የጦሩን ማዕረግ ነበር የሚይዘው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የሞቱት የፖሊስ አዛዥ ጽጌ ዲቡ ብርጋዴር ጄኔራል ነበሩ።

ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቁልፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩትና «የኛ ነው» አሉ። በቃ።

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ላሳይ ብዬ ስለ ምኒልክ ዘመን የአራዳ ዘበኛ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1934 ፖሊስን በአገር ደረጃ ስላቋቋመው አዋጅ፣ ያኔ ስለነበሩት እንግሊዞች አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። እሳቸው የያዛቸው የፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። «አለማየሁ እሸቴ የት የጀመረ ይመስልሃል? ሂሩት በቀለስ?» የድሮ ዘፈኖቹን ሲያነሱማ ጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። እኔ ለካ ስንት ዓመት ኮፍያና ፊሽካ ስፈልግ፣ ሸክላ ሳልሰበስብ ቀርቻለሁ።

(አሁን የሚለበስ የደንብ ልብስ ግን አትግዙ። ያ ስብስብ ሳይሆን ጣጣ ነው።)

ቡና ተጠጣ። ሦስተኛው ላይ ደረስን። ቁልፉ በመሃል ሃምሳ አለቃ የደረት ኪስ ገብቷል። ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ።