ጋሼን ያከሳሁበት ዓመት

መጀመሪያ ያየሁት ቀን «እንዴት የደላው ነው!» አልኩ። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ከአስር ይሆናል። ሆዱ ግራና ቀኝ ተዘርጥጧል፣ አንገቱ ላይ ስቡ እጥፍ እጥፍ ብሏል። መስታወት ገንዳ ውስጥ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ገንዳው ከእሱ ብዙም ስለማይረዝም መዞር እንኳ አይችልም። እኛ ዘንድ «ወፈርክ» ማለት ሙገሳ አይደል? እኔም ያንኑ ሙገሳ ለአርጃኖ፣ ለዚያ ግዙፍ እንሽላሊት፣ ሰጠሁት። ስም ያወጣሁለትም እዚያው ነው፦ ጋሼ።

ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር አርጃኖ ብርቅ አይደለም። የእኛዎቹ የናይል አርጃኖዎች ናቸው። የአዞ እንቁላል ቆፍረው ይሰርቃሉ፣ ሰው ሲያዩ ውኃው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። ጋሼ የእነሱ የአጎት ልጅ ነው፤ የሳቫና አርጃኖ ይባላል። ይሄኛው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በገፍ ወደ አሜሪካ ይገባል። ሲሸጥ መዳፍ አይሞላም፣ ዋጋውም የአንድ እራት ያህል ነው። መዘዙ ከዚያ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሜትር ያክላል። ገዢው ተማሪ ቤት ይቀይራል፣ ወይ ፍቅረኛው «እኔ ወይ እሱ» ትላለች። ጋሼም እንዲሁ ተጥሎ፣ የተጣሉ ተሳቢ እንስሳትን የሚያነሱ በጎ ፈቃደኞች እጅ ገባ። ከእነሱ ደግሞ እኔ ጋ፣ ዴንቨር አጠገብ።

እማዬ ስልክ ላይ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ አርጃኖ ለማሳደግ ነው አሜሪካ የሄድከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

አንድ ነገር በደንብ አድርጌያለሁ፤ ከመውሰዴ በፊት ከተማው እንዲህ ያለ እንስሳ ይፈቅድ እንደሆነ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል። የቀረውን ግን ገልብጬ ነው የሠራሁት። ቤቱን ሳልጨርስ እሱን አመጣሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ጊዜያዊ ሳጥን ውስጥ ታሰረ። ቤቱ ሳያልቅ እንስሳውን አታምጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ተሳቢ አያክምም፤ እኔ ያገኘኋት ሐኪም የአርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ነች። ሚዛኑ 5 ኪሎ ከ200 አለ። ሐኪሟ ከጅራቱ ሥር ጨበጥ አድርጋ «ይሄ ስብ ነው» አለች። ደሙ ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቷል። በዚሁ ከቀጠለ ሪህ ይይዘዋል። አዎ፣ የሰውን እግር የሚይዘው ያው ሪህ። ሆዱ ላይ ደግሞ የቆየ ጠባሳ አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ላይ እያስተኙት ተቃጥሎ ነው።

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ አይጥ ሲጎርስ ኖሯል። በዱር የዚህ ዘር ዋና ምግብ ፌንጣ፣ ጢንዚዛ፣ ጊንጥና ቀንድ አውጣ ነው። ሲያድግ ጥርሱ የሚዶለዱመው የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንዲፈጭ ነው። ይህን ጥርስ በአውራ ጣቴ አረጋግጫለሁ። አንድ ቀን ጥሬ እንቁላል የነካ እጄን ሳልታጠብ ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ። ክፋት አልነበረውም፤ ሽታውን አምኖ ነው። ግን ሲይዝ አይለቅም። ጥፍሬ ከጠቆረ በኋላ ረጅም ወረንጦ ገዛሁ።

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ምግብ መቀነስ ነበር። እኔ «በሞቴ» እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጋሼ በሩ ሲከፈት አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሐምራዊ ምላሱን እያወጣ እያስገባ ያየኛል። እንዲህ ያለ ዓይን እያየህ በሩን መልሰህ መዝጋት! አንድ ሁለቴ ተደብቄ አጎረስኩት፣ አልዋሽም። በሚቀጥለው ወር ሚዛኑ አሳበቀብኝ።

ቤቱ 2 ሜትር ከ40 ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ወርድ፣ 1 ሜትር ከ50 ቁመት አለው። በኮምፔንሳቶ ሠርቼ ውስጡን ውኃ በማያስገባ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ከዚያ አፈር። ይሄ እንስሳ ቆፋሪ ነው፤ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ጥልቅ አፈር ይፈልጋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እያንዳንዱ 18 ኪሎ የሆነ ሰማንያ ከረጢት አፈርና አሸዋ በቤዝመንት ደረጃ አወረድኩ። ከነውኃው ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነው፤ የእንጨት ወለል ላይ አይሞከርም። ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምለካው። አፈሩ ሲጨበጥ ቅርጹን ይይዛል፣ ውኃ ግን አያንጠባጥብም። ከደረቀ ጉድጓዱ ይደረመሳል። የዴንቨር አየር ደግሞ የሰው ከንፈር የሚሰነጥቅ ነው፤ ላዩን በወንፊት ሽቦ ብትተወው በሳምንት አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ጣራውም ዝግ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ሃሎጅን አምፖል ጎን ለጎን ሰቀልኩ። አንድ ብቻ ከሆነ ጀርባውን አንድ ቦታ ይጠብሰዋል፣ ሌላው ይበርደዋል። አምፖሉ ሥር ያለው ድንጋይ 55 ዲግሪ ይደርሳል። ባለቤቴ ቁጥሩን አይታ «ልትጠብሰው ነው?» አለች። ቀዝቃዛው ጫፍ 27 ነው፤ ሲበቃው ራሱ ይሄዳል። የፀሐይን ጨረር የሚተካለትን የአልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ ገና እየበራም ቢሆን በየዓመቱ እቀይራለሁ።

ወደ አዲሱ ቤት ያስገባሁት ማታ ጥግ ላይ ቆፍሮ ጠፋ። በማግስቱ የለም። በሦስተኛው ቀን የለም። አፈር ተደርምሶበት ሞቷል ብዬ አካፋ አነሳሁ። ሐኪሟ በስልክ «እጅህን ሰብስብ» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን አፍንጫው ላይ ጭቃ ይዞ ወጣና ድንጋዩ ላይ ተዘረጋ። ዳሌው ላይ ለወራት ተጣብቆ የነበረው አሮጌ ቆዳ ተላቆ ሄዷል።

የምግቡ ነገር ትዳር ሊያናጋ ነበር። ዱቢያ የሚባል በረሮ አለ፤ ልሙጥ ግድግዳ አይወጣም፣ ለአርጃኖም ጥሩ ምግብ ነው። በሳጥን ማርባት ጀመርኩ። ሐበሻ ቤት ውስጥ፣ በገንዘብ የተገዛ በረሮ! ባለቤቴ ለእንግዳ እንዳልናገር አስምላኛለች። እሷ ያወጣችው ሕግም አለ፤ የጋሼ ዕቃ ኩሽና ውስጥ አይታጠብም፣ እሱን የነካ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምንም አይነካም። ልክ ናት። ተሳቢዎች ጤነኛ ሆነው ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ጀርም ይሸከማሉ። ሕፃን ልጅ ያለው ዘመዳችን ሲመጣ ቤዝመንቱ ይቆለፋል።

ለመግባባት ብዙ አልሠራሁም። የለበስኩትን ቲሸርት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተውኩ፤ ሽታዬን ይልመድ ብዬ። በየማታው ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ እንደ ጎማ ተነፍቶ ያፏጫል፣ በጅራቱ ይገርፋል። አራተኛው ወር ላይ ቲሸርቱን ጎትቶ ጉድጓድ ውስጥ አስገባው። ዛሬም እዚያው ነው።

በ14 ወር 3 ኪሎ ከ700 ደረሰ። ሲራመድ ሆዱ መሬት አይነካም። ደስታዬን ሳልጨርስ ምግብ እምቢ አለ። ቀን ከሌት ይቆፍራል፤ አንዱን ጉድጓድ ትቶ ሌላ ይጀምራል። ደንግጬ ወሰድኩት። ሐኪሟ ራጅ አንስታ ሳቀች። ሆዱ ሙሉ እንቁላል ነው። የእነዚህ እንስሳት ጾታ ከውጭ ስለማይለይ እሷም አልጠረጠረችም ነበር። «አፈሩ ጥልቅ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «እንግዲያው ተዋት።»

ተዋት! ጋሼ እትዬ ሆኑ።

አፈር ባይኖር እንቁላሉን መጣያ አጥታ ውስጧ ይዛው ልትሞት ትችል ነበር። ሰማንያውን ከረጢት ያን ቀን ይቅር አልኩት። በሳምንቱ ጎኗ ገብቶ፣ የዳሌዋ አጥንት ወጥቶ፣ አፈር በአፈር ሆና ብቅ አለች። ውኃ ገንዳዋ ውስጥ አፏን ነክራ ረጅም ጊዜ ጠጣች። እኔ ሃያ ሦስት እንቁላል ቆጠርኩ፤ ወንድ አላየችምና ሁሉም ቢጫና የተጨማደደ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ስለ አርጃኖ ስታወራ ቆጣ ብላ ሳይሆን ተጨንቃ የሰማኋት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«አራስ ናታ! ምን በላች?»

«ገና ምንም።»

«ውይ፣ በሞትኩት! ገንፎ ባትበላ እንኳ የምትወደውን አቅርብላት እንጂ።»

የዚያን ማታ ሐኪሟም ያለችኝ ይህንኑ ነው። በረሮውን ካልሲየም ዱቄት ነስንሼበት ሳህን ሙሉ አቀረብኩ፣ ላዩ ላይ ሁለት ድርጭት እንቁላል። ወረንጦውን ይዤ አንድ በአንድ አጎረስኳት። ቁጥር አልያዝኩም።