ከአምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ወደ ማራቶን ልምምድ የተመለስኩበት መንገድ

ማራቶን ያቆምኩት በ44 ዓመቴ፣ በግራ እግሬ የቅልጥም አጥንት ላይ በደረሰ ስንጥቅ ምክንያት ነበር። ሐኪሙ ስምንት ሳምንት እረፍት አዝዞልኝ ሳለ በአምስተኛው ሳምንት ሱሉልታ ሜዳ ወጥቼ መሮጥ ጀመርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬያቸው የሮጥኩ ጓደኞቼ ሌሊት ተነሥተው ያለ እኔ መሄዳቸውን መቻል አቅቶኝ ነበር። ስንጥቁ ተባባሰ፤ ግራ እግሬን ለማዳን ስል ክብደቴን ወደ ቀኝ ሳበዛ ደግሞ ከባቴ ወርዶ ተረከዜን የሚይዘው ወፍራም ጅማት አበጠ። እየዳንኩና እየታመምኩ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ከዚያም ጫማዬን አስቀምጬ ሌላ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ።

በ50 ዓመቴ ለመመለስ ስወስን መጀመሪያ የሄድኩት እንደ ለመድኩት ወደ ወጌሻ ነው። ባቴን ሲያሹኝ ይቀለኝ ነበር፤ ያበጠው ጅማት ራሱ በኃይል ሲታሽ ግን በማግስቱ ተረከዜን መሬት ማስነካት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ያየኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የነገረኝ ነገር ከዚህ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ነበር፤ ጅማት የሚጠነክረው በእረፍትም በመታሸትም ሳይሆን በልክ የተመጠነ ሸክም ሲጫንበት ነው አለኝ። አልፍሬድሰን የተባሉ ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረጉትን ልምምድ ሰጠኝ። በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቼ ቆሜ በሁለት እግር ከፍ እላለሁ፤ ከዚያ በታመመው እግር ብቻ ተረከዜን ቀስ አድርጌ ከጠርዙ በታች አወርዳለሁ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጉልበት ታጥፎ ደግሞ ሌላ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። ሲቀለኝ በጀርባዬ ቦርሳ 5 ኪሎ፣ ቀጥሎም 10 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይዤ እሠራው ነበር። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን ባለማጓደሌ ዛሬም ደስ ይለኛል።

መሮጥ የጀመርኩት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቅኩ ነው። ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ትንፋሼ ሲመለስልኝ ነበር። የሯጭ ልብና ሳንባ ቶሎ ይነቃሉ፤ ጡንቻም ብዙ አይዘገይም፤ ጅማትና አጥንት ግን በወራት ነው የሚለምዱት፣ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ይባስ ይዘገያሉ። ወጣት ሳለሁ ኮንዲሽኔን የምለካው በትንፋሼ ስለነበር፣ ትንፋሼ ሲፈቅድ ፍጥነት እጨምር ነበር። ያለፉት ጉዳቶቼ በሙሉ የመጡት በዚህ ልዩነት መካከል መሆኑን የተረዳሁት አሁን ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁ። በየማለዳው ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ስራመድ የተረከዜን ሕመም ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እጽፋለሁ። ከ3 በላይ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ስሜት ቢሰማኝ፣ ያን ቀን አልሮጥም። እንዲህ እያልኩ በሳምንት ከ20 ኪሎ ሜትር ወደ 90 ለመድረስ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ከቡድኑ መለየት ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ተሰልፈን የፊተኛውን እግር እየተከተልን ስናድግ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው እንጂ ለውድድር የሚሮጥ አይመስለንም ነበር። እኔም ያንን አምን ነበር። ነገር ግን ሰልፉ የሚሄደው በመሪው አቅም ነው፤ የእኔን ጅማት የሚጠብቅ የለም። አሁን ቀላል ቀኖቼን ብቻዬን እሮጣለሁ፤ ከወጣቶቹ ጋር የምወጣው በአሥር ቀን አንዴ፣ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ለሚደረገው ረጅም ሩጫ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ይወስደናል፤ እነሱ 38 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ እኔ በ30 አቆምና ውኃ በማቀበል አግዛቸዋለሁ። ልምምዴን በሰባት ቀን ሳይሆን በአሥር ቀን ማዞሬም ለዚሁ ነው፤ አንድ ረጅም፣ አንድ ፍጥነት፣ አንድ ዳገት፣ በየመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀላል ሩጫ ወይም እረፍት። በሁዳዴ ጾም ወቅት ሽሮውንና ምስሩን ከወትሮው እጨምራለሁ፤ ጡንቻዬ እንደ ድሮው በቶሎ አይጠገንምና።

ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ 36፣ በሙኒክ ነሐስ ሲወስድ 40 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በባትና በተረከዝ ጅማት ጉዳት ዓመታት ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ፣ በ41 ዓመቱ፣ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። የእነሱ ሰዓት ለእኔ መለኪያ አይሆንም፤ ያንን ሩጫ በቴሌቪዥን ሳይ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

መጀመሪያ የሐዋሳን ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ፤ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ትንፋሼ ቀለለኝ፣ እኔም ሆን ብዬ ፍጥነቴን ያዝኩ። ሙሉ ማራቶኑን የሮጥኩት በጥር ወር እህቴ በምትኖርበት በዱባይ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ቦታው ዝቅተኛ ስለሆነም አየሩ ወፍራም ነው፤ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ እግሬ እንዲፈጥን ሲጠይቀኝ ከለከልኩት፤ የመጨረሻዎቹን 12 ኪሎ ሜትሮች ግን ለቀቅኩት። በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ጨረስኩ። በወጣትነቴ 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ገብቼ አውቃለሁ፤ ያኔ እንዲህ አላለቀስኩም።

በማግስቱ ማለዳ በእህቴ ቤት ከአልጋ ወርጄ አሥር እርምጃ ተራመድኩ። ጭኖቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ተረከዜን ግን በጥንቃቄ አዳመጥኩትና ደብተሬን አውጥቼ 2 ብዬ ጻፍኩ።