ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቢቴ ያዙ

«ድምፁ ታፈነ»፣ «ክሩ ጣት ይቆርጣል»፣ «ወደ ላይ ስወጣ ቅኝቱ ይበላሻል»። ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰማው እሮሮ አብዛኛው ይኸው ነው፤ መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበውም ወዲያው አዲስ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት) ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ለጊዜው ኪስ ውስጥ ይቆይ እላለሁ። ጊታሩ ላይ ያለው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው የቆመበት ከፍታ ነው። አንገቱና ክሩ ልክ ካልሆኑ ደግሞ የትኛውም ውድ ፒክአፕ አያድነውም።

ምሳሌዬ ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር ነው። ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ካወጣው ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ስለቀዳው፣ እጃችሁ ላይ ያለው እሱ ወይም ዘመዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

መነሻው አዲስ ክር ነው። ያረጀ ክር ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በትክክል አይቃኝም። ከ9-42 ወደ 10-46 (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ናቸው) ከተሻገራችሁ የክሩ ጉተታ ይጨምራል፣ አንገቱ የበለጠ ይጎብጣል፣ ትሬሞሎውም (ክሮቹ የታሰሩበት፣ በእጀታ የሚንቀሳቀሰው ብረት) ከኋላ ይነሳል፤ ስለዚህ የክር ውፍረት የቀየረ ሰው ሁሉንም ልኬት እንደገና መሥራት አለበት።

ከዚያ አንገቱ። ጊታሩን ቃኙና እንደምትጫወቱበት አድርጋችሁ ያዙት፤ ጠረጴዛ ላይ ማጋደም ልኬቱን ያዛባል። ስድስተኛውን (ወፍራሙን) ክር አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው የብረት መስመር) ላይ በካፖ (ክር በሚጫን መቆንጠጫ)፣ መጨረሻው ፍሬት ላይ በጣት ተጫኑት። ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩ ሥርና በፍሬቱ አናት መካከል 0.25 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ለዚህ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ከ10-46 ክር የተቆረጠው የአንደኛው (የቀጭኑ) ክር ትርፍ ራሱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ከክሩ ሥር አስገቡት፤ ሳይታገል ካለፈና ክሩን ወደ ላይ ካላነሳው ልክ ነው።

ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) በሰዓት አቅጣጫ፣ ጠፍቶ ከሆነ በተቃራኒው አዙሩ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። ብሩጎላው በትክክል የሚገጥም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። የአሜሪካው ስምንተኛ ኢንች 3.18 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 3 ሚሊሜትሩ ይገባል፣ ይዞ የሚያዞር ይመስላል፣ ከዚያ ተንሸራቶ የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ጠርዙ የተበላ ትረስ ሮድ ጥገናው ከባድ ነው። ብሎኑ ጠንክሮ አልዞር ካለም ቁሙና ለባለሙያ ስጡት። እንጨት እርጥበት ስለሚከተል ክረምት ሲገባና በጋ ሲጸና ይህን ልኬት መድገም ያስፈልጋል፤ ዋሽንግተን ውስጥ የክረምት ማሞቂያ፣ ዱባይ ውስጥ ኤሲ ያለበት ቤት ያስቀመጠም እንዲሁ።

ነቱን (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ባለ ቦይ ቁራጭ) በአጭሩ፦ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ፤ አንደኛው ፍሬት ላይ የቀረው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ያልበለጠ፣ ግን ያልጠፋ መሆን አለበት። ነቱ ከፍ ካለ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ የሚያዙ ኮርዶች ይሾላሉ (ድምፃቸው ከልኩ ከፍ ይላል)፤ ሰው ግን ጥፋቱን ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ላይ ይጥላል። መቦርቦሩ የራሱን ሞረድ ስለሚፈልግ በቢላዋ አትሞክሩት። ስትቃኙ ክሩ ጠቅ እያለ የሚዘል ከሆነ የእርሳስ ዱቄት ቦዩ ውስጥ ማሸት ይበቃል።

የክሩን ከፍታ አሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ፣ ክሩን ሳትጫኑ ለኩ። 1.6 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ቁራጭ) ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች እኩል እያዞራችሁ የጣት ሰሌዳውን ቅስት ተከተሉ። ሰሌዳቸው በጣም የሚቀስት የድሮ ዓይነት ጊታሮች ላይ ከፍታው ካነሰ፣ ክሩን ወደ ጎን ስትጎትቱ ድምፁ መሃል ላይ ይቆረጣል። ማሲንቆን እያሰበ ክር ለሚጎትት ተጫዋች የወፍራሞቹን ከፍታ 2 ሚሊሜትር አድርጎ ትንሽ መልፋት ይሻላል። በባዶ ጆሮ የሚሰማ ግን በአምፕሊፋየር የማይወጣ መንጫጫት አያስጨንቃችሁ።

ትሬሞሎውን የማትጠቀሙ ከሆነ ከኋላ የሞላዎቹን መያዣ አጥብቃችሁ ብሪጁን ገላው ላይ አስቀምጡት፤ ቅኝት ይጸናል፣ አንድ ክር ቢበጠስም ሌሎቹ አይሾሉም። የምትጠቀሙ ከሆነ የብሪጁ ኋላ ከገላው 3.2 ሚሊሜትር ያህል ይነሳ።

ብዙዎች ቅደም ተከተሉን የሚስቱት ቀጥሎ ነው። ኢንቶኔሽን (ክሩ በየፍሬቱ በልክ እንዲቃኝ ማድረግ) ከመሥራታችሁ በፊት ሦስቱንም ፒክአፖች ዝቅ አድርጉ። ማግኔቱ ክሩን ከሳበ መቃኛው የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ በስሱ በመንካት የሚወጣውን ድምፅ) አሰሙ፤ ያንኑ ፍሬት በምትጫወቱበት ጉልበት ተጭናችሁ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከሾለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁ፣ ዝቅ ካለ አቅርቡ። ሳድሉን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ክሩን አላሉ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም እንደገና ቃኙ። ሲያልቅ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያሉት ሳድሎች ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ አራተኛው ወደ ፊት ይመለስና ቀሪዎቹ እንደገና ወደ ኋላ ይወርዳሉ። መልኩ ከዚህ በጣም ከራቀ ክሩ ወይም ነቱ ይመርመር።

አሁን ወደ ፒክአፑ። ስትራቶካስተር ላይ የሚታዩት ስድስት ዘንጎች በብዛት ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ በቀጥታ ከክሩ ሥር ቆመው ይስቡታል። በጣም ሲጠጉ ክሩ በነፃነት መወዛወዝ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በአንገት ፒክአፕ ስድስተኛውን ክር ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ምቱት፤ አንዱ ድምፅ ሁለት ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ማግኔቱ ቀርቧል። ይህን በኢንቶኔሽን ማስተካከል አይቻልም፤ መድኃኒቱ ማራቅ ብቻ ነው። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጠመዝማዛ ፒክአፕ) ላይ ማግኔቱ ከሥር ስለሚተኛ ስበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ ክሩ መጠጋት ይችላል።

ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከክሩ ሥር እስከ ዘንጉ አናት ለኩ። በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር መነሻ ይሁን፤ ማግኔቱ ጠንካራ ከሆነ 3.2 እና 2.4። ከዚህ በኋላ ዳኛው ጆሮ ነው። አምፕሊፋየሩን ያለ ምንም ኢፌክት አጥሩ፣ የጊታሩን ቮሊዩም እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር አዙሩ። መጀመሪያ የብሪጁን ፒክአፕ አስተካክሉ። ክሩ አንገቱ አጠገብ በሰፊው ስለሚወዛወዝ የአንገቱ ፒክአፕ ከብሪጁ ዝቅ ይላል፤ የመሃሉ በሁለቱ መካከል ይስተካከላል። ሲጠጋ ድምፁ ይጎላል፣ ይወፍራል፣ የእጅን ለስላሳና ኃይለኛ ምት መለየት ግን ይቀንሳል። ሲርቅ ይከፈታል። የእኔ ምርጫ ፒክአፑን አርቆ የጎደለውን ጉልበት ከአምፕሊፋየሩ መውሰድ ነው፤ የትዝታ ዜማ በቀስታ ሲመታ የጣቱ ልዩነት የሚሰማው ያኔ ነው።

የድሮ ዓይነት ፒክአፖች ላይ የሦስተኛው ክር ዘንግ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ የያኔው ሦስተኛ ክር የተጠቀለለ ስለነበር ነው፤ ዛሬ ባዶ ሽቦ ስለሆነ ከሌሎቹ ይጮኻል። ዘንጉን በጣት ወይም በመዶሻ ለመግፋት አትሞክሩ። የመዳብ ሽቦው በቀጥታ ማግኔቱ ላይ የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ሲበጠስ ፒክአፑ ሞተ ማለት ነው። ያላችሁ አማራጭ ፒክአፑን ማዘንበል ነው። ብሎኑን ስትፈቱ ፒክአፑ የማይወርድ ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ ተቆርጦ የገባ የጎማ ቱቦ ይተካዋል።

የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ የሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጠመዝማዛ ፒክአፕ) ባሕርይ ነው። ክሩን ስትነኩ ቢቀንስ ግራውንዱ ይሠራል፤ ንኪኪው ለውጥ ካላመጣ የሞላዎቹ መያዣ ላይ የተበየደውን ሽቦ ፈትሹ። ክሩ እጅ የሚነዝር ከሆነ ግን ወዲያው ሶኬቱን ንቀሉ፤ ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከቤቱ መስመር ነው።

የሆነ ፒክአፕ ከነጭራሹ ድምፅ ካጣ ገመዱን ጊታሩ ላይ ሰኩና በሌላኛው ጫፍ፣ በጫፉና በእጀታው መካከል፣ በቴስተር ለኩ፤ ቮሊዩሙ ሙሉ በሙሉ ይከፈት። ጤነኛ የስትራቶካስተር ፒክአፕ በብዛት ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ኦም ያሳያል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ 250 ኪሎ ኦም ከዘለለ የሚታየው የቮሊዩሙ እንጂ የፒክአፑ አይደለም። የፒክአፕ መምረጫውን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ፣ የተበየዱትን ነጥቦች በስታኞ አድሱ። ይህም ካልመለሰው ጠመዝማዛው ተበጥሷል፤ አዲስ ፒክአፕ የሚገዛው አሁን ነው።